ከሜሪላንድ ለመጣ ልጅ የሰጠሁት ሥራ

ወንድሜ ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ ከከተመ ብዙ ዘመን ሆነው። ባለፈው ክረምት የአሥራ ስድስት ዓመት ልጁን ደሴ ላከልኝና «ባህሉን አስተምሪልኝ» አለኝ። የፈለገው ገብቶኛል፤ ሐይቅ እስጢፋኖስ፣ ላሊበላ፣ የሀገር ልብስ፣ ፎቶግራፍ። ልጁ ግን ከዚህ አብዛኛውን እዚያው ጠግቦታል። በየበዓሉ እስክስታ ይወርዳል፣ እንጀራ ይበላል፣ አማርኛም ይሰማል። እሱ ቢቀር የሚጎድል ነገር ግን አልነበረም። ስለዚህ ጉብኝቱን ለኋላ አቆይቼ ሥራ ሰጠሁት።

ነሐሴ ነው፤ ፍልሰታ ገብቷል። ሙስሊም ጎረቤታችን ለሟች እናታቸው ሰደቃ ሊያወጡ ነበር። በሬው ታርዶ ለሙስሊሙ ይቀርባል፤ ለክርስቲያኑ ደግሞ ምስርና ሽሮ በሌላ ድስት፣ በሌላ ጭልፋ፣ በክርስቲያን ሴቶች እጅ ይሠራል። የቅሬውን፣ ማለትም የሰፈራችንን የቀብርና የመረዳጃ ማኅበር፣ ዳኛ አስፈቅጄ ልጁን ከአሳላፊዎቹ ጋር ቀላቀልኩት።

አሳላፊ ማን የት እንደሚቀመጥ ማወቅ አለበት። በእኛ አገር ደግሞ ስም ብቻውን አይመራም፤ አባቱ ሰይድ የሚባል ክርስቲያን አለ፣ አያቱ ገብሬ የሚባል ሙስሊምም አለ። ስለዚህ ከዋዜማው ጀምሮ ቤት ለቤት አዞርኩት። ሽማግሌዎቹን «አንተ» ሲላቸው ሳቁበት፤ ማታ ላይ ሳይነገረው «አንቱ» ማለት ጀመረ። ስትተረጉሙለት የነበራችሁ ዘመዶቼ ሆይ፣ ዝም በሉ ያልኳችሁ ለዚህ ነው።

በማግስቱ፣ ትሪ ተሸክሞ ሲመላለስ ውሎ ከደከመው በኋላ፣ «ይህን ያህል ከተዋደዳችሁ ለምን ከአንድ ድስት አትበሉም?» አለኝ።

መልሱን ቦሩ ሜዳ ይዤው ሄጄ ነገርኩት፤ ከደሴ ሩቅ አይደለም። በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ 4ኛ እዚያ ጉባኤ አድርገው፣ የወሎ ሙስሊም እንዲጠመቅ ታዘዘ። ከወሎ ገዥዎች አንዱ የነበሩት ኢማም መሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ራስ ሚካኤል ተባሉ፤ ብዙው ሰው ግን እምቢ ብሎ ተዋጋ፣ ተሰደደ። አንድ ድስት በአዋጅ ተሞክሯል ማለት ነው። እኔ እንደሚመስለኝ፣ ያንን ያየ ሰው ልጅ ነው ሁለት ድስት ጥዶ ለቀብርና ለሰደቃ አብሮ መቀመጥን የመረጠው። ወሎን «የመቻቻል አገር» እያሉ የሚያሞግሱ ሰዎች ይህን ምዕራፍ ሲዘሉት ያናድደኛል፤ ልጁ ከዘለለው ደግሞ የሚይዘው ፖስትካርድ ብቻ ነው።

ሜሪላንድ ከተመለሰ በኋላ እንቁጣጣሽ መጣ። ወንድሜ እንደነገረኝ፣ ልጁ አስቀድሞ የጠየቀው ከተጋበዙት ማን ምን እንደሚበላ ነበር። ለሶማሌ ጓደኛው ቤተሰብ ሐላል ሥጋ ለብቻ አስገዝቶ፣ ድስቱንም ራሱ ለየ።

ልጆቻችሁን ወደ ሀገር ቤት ለመላክ የምታስቡ ከሆነ፣ አብራችሁ አትምጡ፤ እናንተ ካላችሁ በእንግሊዝኛ ከጀርባችሁ ይሸሸጋሉ። የሚሰጣቸውም ሥራ ቢበላሽ ሌላው ሰው የሚያስተውለው ይሁን። ለዕይታ የተፈጠረ ሥራ እነሱም ያውቁታል።

ታናሽ እህቱ በሚቀጥለው ክረምት ትመጣለች። ቡና ማፍላት እንዳላስተምራት ከአሁኑ አስጠንቅቃኛለች፤ ጀበናና ረከቦቱ እዚያም ሞልቷቸዋል። ቅሬያችን ግን የመዋጮ መዝገብ የሚይዝለት ሰው አጥቷል። ፊደሉን ከለየች፣ እሷን አስገባታለሁ።