ማን ያርመኛል?

ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ ሆዴን ባር ባር ይለዋል። የሐምሌ ጭጋግ ደብረ ብርሃንን ሲውጣት ሁሌም እንዲህ ያደርገኛል። ማዶ ያለው ቤት እንኳ አይታይም። ጋቢዬን ደርቤ ሻይ ይዤ ቁጭ እንዳልኩ የጓደኛዬ የኤ. መልእክት ገባ። “ቢሮው ጀማሪ ይፈልጋል። ሲቪሽን እስከ ዓርብ ላኪ፣ ስላንቺ ነግሬያቸዋለሁ” ይላል። ቢሮው እሷ የምትሠራበት አዲስ አበባ ያለው የጥብቅና ቢሮ ነው። ደስ አለኝ። ግን እስካሁን አልመለስኩላትም።

ልቤ አንድ ቦታ አልረጋ ብሎ ነው። ሕግ ተምሬ ወጥቻለሁ፣ ከፊቴ ግን ሦስት መንገድ አለ።

የአዲስ አበባው መንገድ ሲያዩት ቀጥ ያለ ነው። ድሮ ጠበቃ ፈቃዱም ሥራውም የግሉ ነበር። ጠበቆች በሕግ የታወቀ ድርጅት አቋቁመው አብረው መሥራት የቻሉት አዋጅ 1249/2013 ከወጣ በኋላ ነው። እንደ እኔ ላለ ጀማሪ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ብዙ ጠበቃ አንድ ቤት ውስጥ ካለ፣ ከበላይሽ ሆኖ ሥራሽን የሚያይ ሰው ይኖራል። የኩባንያው ጉዳይ፣ ትልልቁ ውል፣ የግብሩ ክርክር፣ የግልግል ዳኝነቱ ሁሉ የሚሄደው ወደዚያ ነው። እዚያ ትንሽ የቆየ ልጅ ሲያወራ እኮ ይለያል።

ግን በዚያ በር ማን ነው የሚገባው? ክፍት ቦታው አብዛኛውን ጊዜ የሚሰማው በሰው በሰው ነው፤ እኔም የሰማሁት ኤ. ስላለችኝ ነው። ለጀማሪ የሚከፈለው ትንሽ ነው፣ ኪራይ ግን ትንሽ የለውም። እዚያው ቤተሰብ ያለው ልጅ ከእናቱ ቤት እየተመላለሰ ሥራ ይለምዳል። እኔ ከ130 ኪሎ ሜትር ላይ ነው የምነሳው። እማዬ ገና ስነግራት የጠየቀችኝ ስለ ሥራው አልነበረም፤ “ማን ጋ ልታርፊ ነው?” ነው ያለችኝ። ኮተቤ ያለችው አክስቴ እንቢ አትለኝም፣ ግን በዚያች ሁለት ክፍል ቤት ስንት ሰው እንደሚያድር እሷም እኔም እናውቃለን። አምስት ዓመት አብረን ተማርን፣ አንድ ዓይነት የመውጫ ፈተና ተፈተንን። የሕግ ተማሪ እኮ ይሄን ፈተና የለመደው በ2015 ለሁሉም ትምህርት ክፍል ከመምጣቱ ከዓመታት በፊት ነው። ሁላችንም እኩል ተመዝነን ወጣን እያልን፣ ከዚያ በኋላ ያለውን መንገድ የሚወስነው ማን የት ዘመድ እንዳለው ሲሆን ያበሳጨኛል። ዝም ብዬ ላልፈው አልችልም።

ሁለተኛው የመንግሥት መንገድ ነው። ክልሉ ዳኛና ዐቃቤ ሕግ ሲፈልግ ማስታወቂያ ያወጣል፣ ትወዳደሪያለሽ፣ ትሰለጥኛለሽ፣ ትመደቢያለሽ። ደመወዙ ትንሽም ቢሆን ወር ጠብቆ ይመጣል፣ የሥራ ልምዱም በኋላ ለጥብቅና ፈቃድ ሲኬድ ይጠቅማል። አባቴ ይሄን ነው የሚወደው። “መጀመሪያ የመንግሥት እንጀራ፣ ከዚያ እንደ ልብሽ” ይላል። ምደባው የት እንደሚጥልሽ ግን አይታወቅም፣ መንገዱም በዚህ ጊዜ እንደ ልብ የሚኬድበት አይደለም።

ሦስተኛው እዚሁ ነው። እዚሁ ደብረ ብርሃን ብቻቸውን የሚሠሩት ጠበቃ፣ የጋሼ መ. ቢሮ። አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ አግዳሚ ወንበር፣ እስከ ጣሪያ የተቆለለ ፋይል። “ነገ ነይና ጀምሪ” ነው ያሉኝ። ስለ ክፍያ እኔም አልጠየቅኩም፣ እሳቸውም አላነሱት።

ትናንት ሄጄ ነበር። ጋሼ መ. ችሎት ገብተው ነበርና አግዳሚው ላይ ቁጭ ብዬ ጠበቅኳቸው። አጠገቤ አንዲት እናት ነበሩ፣ ከሰላ ድንጋይ በላይ ካለ ቀበሌ የመጡ። በዚያ ዝናብ ጫማቸው ጭቃ ብቻ ሆኗል። ትንሽ ካዩኝ በኋላ “ልጄ፣ ታነቢያለሽ?” አሉኝ። አነባለሁ አልኳቸው።

ጥቁር ፌስታል ፈቱ። ውስጡ ሻሽ፣ ሻሹ ውስጥ ወረቀት። ማንበብ አይችሉም፤ ግን አንዱን ወረቀት ከሌላው አያምታቱም። እየነካኩ ያወጡልኛል። “ይቺ ዳሯን አይጥ የቀመሳት ክሴ ናት። ይቺ ቡና የፈሰሰባት የሱ መልስ። ይቺ ማኅተሟ የደመቀው ፍርዱ።” የይዞታ ደብተሩን መጨረሻ ላይ አወጡት። የሟች ባላቸው ፎቶ አለበት፣ እሱን በአውራ ጣታቸው ጠረግ አደረጉት። ነገሩ የገብስ ማሳ ነው። የባላቸው ወንድም አርሶ ይዞታል።

ክሱን ሳነበው አንጀቴ አረረ። ሁለት ገጽ ሙሉ ስድብና ምሬት ነው። ሰውየው ምን ያህል ክፉ እንደሆነ፣ ሐዘን ላይ ምን እንደተናገረ ተዘርዝሯል። መሬቱ የተጠቀሰው አንድ መስመር ላይ ብቻ ነው። በምሥራቅ ማን፣ በምዕራብ ማን እንደሚያዋስነው የለም። ስፋቱ የለም። ደብተሩ በማስረጃነት መያያዙን የሚናገር ቃል እንኳ የለም። ፍርዱ ደግሞ አጭር ነው፤ ክርክር የተነሳበት ይዞታ ተለይቶ አልቀረበም፣ ክሱ ውድቅ ሆኗል።

“ማነው የጻፈልዎ?”

“በር ላይ ያለ ልጅ። ከፈልኩት፣ ጻፈ፣ ጣቴን አስነካኝ።”

“ሲያነብልዎ ምን አሉት?”

“ማን አነበበልኝ!”

ቀለሙ ያልጠራ የጣታቸው አሻራ ከገጹ ግርጌ አለ። ያልሰሙት ነገር ላይ ነው የፈረሙት።

ከዚያ ስለ ይግባኙ ጠየቅኳቸው። 60 ቀን እንዳላቸው ሰምተዋል። ከመቼ ጀምሮ ሲባሉ ግን “ወረቀቷን ከወሰድኩባት” አሉ። ሕጉ ግን የሚቆጥረው ፍርዱ ከተሰጠበት ቀን ጀምሮ ነው። መንገድ ተዘግቶባቸው ግልባጩን የወሰዱት ዘግይተው ነበርና ደነገጥኩ። በጣቴ ቆጠርኩት፣ ደግሜ ቆጠርኩት። ጊዜ አለ፣ ብዙ ግን አይደለም። ጋሼ መ. ሲገቡ ሰላም ብያቸው ሳልጨርስ ቀኑን ነው የነገርኳቸው። እስኪርብቶ አውጥተው ፋይሉ ጀርባ ላይ በትልቁ ጻፉት። “ጎበዝ” አሉና ሌላ ባለጉዳይ ጠሩ።

ማታ እንቅልፍ ሲያቅተኝ የ1958ቱን የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ገለጥኩት። አንቀጽ 323 የይግባኙን ጊዜ ይናገራል። ጊዜ ያለፈበት ሰው በቂ ምክንያት ካቀረበ ሊፈቀድለት ይችላል፣ እሱ ደግሞ 326 ላይ አለ። እዚያው ስር ግን ሌላ ነገር አለ፤ ይግባኙ የዘገየው በጠበቃው ጥፋት ከሆነ እንደ በቂ ምክንያት አይቆጠርም። ማለት ጠበቃው ቀን ቢረሳ፣ መሬቱ የሚሄደው የባለጉዳዩ ነው። ተማሪ ሳለሁ ለፈተና ሸምድጄ ያለፍኩት አንቀጽ ነው። ትናንት ማታ ግን እኚያን እናት እያሰብኩ ሳነበው ሰውነቴን ቀዘቀዘኝ።

እኔም ነገ የምጽፈው የመጀመሪያው አቤቱታ የአንድ ሰው ማሳ ነው፣ ወይ የአንድ ሰው ቤት፣ ወይ የልጅ ቀለብ። የጠበቃ እጅ የሚፍታታው በሰው ንብረት ላይ ነው። ተማሪ ሳለን ለተግባር ልምምድ (ኤክስተርንሺፕ) ወጥተን የዓቃቤ ሕግ መዝገብ አገላብጠናል፣ በነጻ የሕግ ድጋፍ ማዕከሉም ተራ ይዘን ተቀምጠናል፤ ግን ሁሌ መምህር ከጎናችን ነበር። ሳንሳሳት ቀርተን ሳይሆን፣ ስህተታችን ከቢሮው ሳይወጣ ይያዝ ነበር። አሁን ማን ይይዝልኛል?

ከዚያ ወዲህ ሦስቱንም መንገድ የማየው በዚህ ዓይን ሆነ። ደመወዙም ኪራዩም ወደ ኋላ ቀረ።

ፍርድ ቤት ብገባ በየቀኑ የተበላሸ አቤቱታ አነባለሁ። ምን ጎድሎት እንደወደቀ ዓይኔ ይለምዳል፣ ይሄ ትልቅ ትምህርት ነው። ግን ዳኛ ወርዶ ለተከራካሪው አይጽፍለትም። ጉድለቱን እያየሽ ውድቅ ማለት ነው ሥራሽ። ያንን ፍርድ የጻፈው ሰውም ደብተሩ ፌስታል ውስጥ እንዳለ አያውቅም ነበር፣ ወይም ቢያውቅም ያልቀረበለትን ሊፈርድ አይችልም። እኔ እዚያ ወንበር ላይ ሆኜ ስንት ቀን እችለዋለሁ?

አዲስ አበባው ቢሮ ውስጥ የሚያርም አለ። ኤ. የጻፈችውን በቀይ አጥለቅልቀው እንደሚመልሱላት፣ አንዳንዴም አንዱን ደብዳቤ እየደጋገመች እንደምትጽፍ ነግራኛለች። እቀናባታለሁ፣ እውነቴን ነው። ግን ባለጉዳይ ፊት ለፊት አታገኝም። የሚመጣላት በኢሜይል ነው፣ ላኪውም ብዙ ጊዜ ራሱ የሕግ ባለሙያ ያለው ድርጅት ነው። “ማን አነበበልኝ” የሚል ሰው አይመጣም። ሰውን ከምሬቱ መሐል አዋሳኙን አውጥቶ መጠየቅ፣ ሳያቋርጡ ማዳመጥ፣ የጻፉትን መልሶ በሚገባው ቋንቋ ማንበብ እዚያ ይለመዳል ወይ?

ጋሼ መ. ዘንድ ሰው ሞልቷል። ከመንዝም፣ ከጣርማበርም፣ ከአንኮበርም የሚመጣው እዚያች አግዳሚ ላይ ነው የሚቀመጠው። በመጀመሪያው ሳምንት ብዕር ያስይዙኛል። የሚያርሙበት ጊዜ ግን የላቸውም። ጠዋት ችሎት፣ ከሰዓት ሬጅስትራር፣ ማታ የነገውን ማዘጋጀት ነው። እሳቸው እንኳ ጀማሪ ሳሉ ማን እንዳረማቸው ጠይቄያቸው አላውቅም። ምናልባት ማንም። ምናልባት አንዳንዱን ነገር የተማሩት ዛሬም ድረስ የሚያስቡት ሰው ተጎድቶ ይሆናል፣ እንዲህ ሳስብ እፈራለሁ።

“እዚያ ተማሪና ተመለሺ” የሚሉኝ አሉ። ጥሩ ሐሳብ ነው። ግን ከእኛ በፊት የሄዱትን ስቆጥር የተመለሰ ትዝ አይለኝም። አልፈርድባቸውም። የፌዴራሉና የክልሉ የጥብቅና ፈቃድ ለየብቻ ነው፣ ኑሮ ይተከላል፣ ትዳር ይመጣል፣ ጉዳዮች ይያዛሉ። እኔስ የተለየሁ ነኝ?

አሁን በአእምሮዬ የሚመላለሰው ጋሼ መ.ን እንዴት ልበላቸው የሚለው ነው። “የጻፍኩት አንድም ወረቀት እርስዎ ሳያዩት ከዚህ ቢሮ አይውጣ” ብላቸው ምን ይላሉ? ያለ ክፍያም ቢሆን እቀበላለሁ፣ በማታ ቤታቸው ድረስ እወስድላቸዋለሁ፤ ብቻ ይዩልኝ። ድፍረት ይመስላቸው ይሆን? ከእናንተ መካከል በአንድ ጠበቃ ሥር የጀመራችሁ ካላችሁ ንገሩኝ። የመጀመሪያ አቤቱታችሁን ያየላችሁ ሰው ነበር? ጠይቃችሁ ነው ወይስ ራሱ አስቦበት?