ከጠፋ በኋላ የሚነድ ጠብታ

በህዋ ላይ ከተሠሩት ሙከራዎች ሁሉ የእኔን ቀልብ የገዛው ስለ አንዲት የነዳጅ ጠብታ የተደረገው ነው። ጠብታዋ ከ2 እስከ 4 ሚሊሜትር ብትሆን ነው፤ የምስር ፍሬ ታክላለች።

ናፍጣ ሞተር ውስጥ የሚገባው ተረጭቶ፣ ደቃቅ ጠብታ ሆኖ ነው። ስለዚህ አንዷ ጠብታ እንዴት እንደምትነድ ማወቅ ትልቅ ነገር ነው። ምድር ላይ ግን ይህን ማየት ያስቸግራል። ጠብታዋ ትወድቃለች፣ የጋለው አየር ደግሞ ሽቅብ ሲወጣ ነበልባሉን አብሮ ይጎትተዋል።

አሜሪካ ክሊቭላንድ ያለው የናሳ ግሌን ማዕከል የሙከራ ዕቃ ከነጠብታዋ 132 ሜትር ቁልቁል የሚለቀቅበት ጉድጓድ አለው። ዕቃው እስኪያርፍ ድረስ 5.18 ሰከንድ ያለ ክብደት ይቆያል። ለትንሽ ጠብታ ይበቃል፤ ተለቅ ያለችው ግን ነዳ ሳትጨርስ ጊዜው ያልቃል።

ለዚህ ነው እ.ኤ.አ. በ2009 ፍሌክስ የተባለው ሙከራ በዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ የተጀመረው። አሠራሩ ደስ ይላል። ሁለት ቀጫጭን መርፌዎች ፊት ለፊት ገጥመው ሄፕቴን የሚባለውን ነዳጅ መሃላቸው ላይ ያጠራቅማሉ፣ ከዚያ ሁለቱም ባንዴ ወደ ኋላ ይሸሻሉ፣ ጠብታዋም አየር ላይ ብቻዋን ትቀራለች። የጋሉ ሽቦዎች ከግራና ከቀኝ ይለኩሷታል። ነበልባሉ ሽቅብ አይሾልም፤ ድቡልቡል ሆኖ ዙሪያዋን ይከባታል።

የሙከራው ዓላማ መንኮራኩር ውስጥ እሳት ቢነሳ በምን እንደሚጠፋ ማወቅ ነበር። ነበልባሉም ጠፋ። ጠብታዋ ግን ማነሷን አላቆመችም! ካሜራው ላይ ምንም እሳት አይታይም፣ እሷ ግን እሳት እንዳለባት ሁሉ እየቀነሰች ሄደች።

የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳንዲያጎው ፎርማን ዊሊያምስና ባልደረቦቻቸው በ2012 ነገሩን ይፋ አደረጉት። ለዓይን የማይታይ «ቀዝቃዛ ነበልባል» ነበር። ቀዝቃዛ የተባለው ከተለመደው ጋር ሲነጻጸር ነው፤ ሙቀቱ ከ230 እስከ 530 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ሲሆን የተለመደው ከ1,200 ያልፋል። ነዳጁም ሙሉ በሙሉ ስለማይቃጠል ካርቦን ሞኖክሳይድና ፎርማልዲሃይድ የተባሉ መርዛማ ጋዞችን ይተዋል።

ሞተር ሠሪዎች ይህን ኬሚስትሪ ይፈልጉታል፣ ምክንያቱም ነዳጅ ሞተር ውስጥ ቦግ ከማለቱ በፊት የሚያልፍበት መንገድ ነው። እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ ግን የጠፈርተኞቹ ደህንነት ነው። እሳት መጥፋቱን በዓይን ብቻ ማረጋገጥ አይቻልም ማለት ነው። ደግሞም በጠብታ ብቻ አልቆመም፤ በ2021 ተመራማሪዎች እዚያው ጣቢያ ላይ ይህንኑ ነበልባል ያለ ጠብታ፣ በጋዝ ብቻ አግኝተውታል።