የኤሌክትሪክ መስመር አላርም በክሬንና በኤክስካቫተር ላይ፦ እስካሁን የተማርኩት

ቡም፣ ማለትም የማሽኑ ዋና ረጅም ክንድ፣ ወደ ኤሌክትሪክ ሽቦ ሲጠጋ የሚጮኸውን አላርም በከባድ ማሽኖች ላይ መግጠም እየተማርኩ ነው። ገጥሞ መሄድ ብቻ ሳይሆን ኦፕሬተሮች አጠገብ ቆሜ ሥራ ላይ ሲውልም አያለሁ። የማካፍላችሁ እስካሁን የጨበጥኩትን ነው። ገና ለምትጀምሩት መንገድ ያሳጥርላችኋል ብዬ አስባለሁ። በሥራው የቆያችሁት ደግሞ የጎደለውን ሙሉልኝ።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር እንያዝ። ይህ መሣሪያ ርቀት አይለካም። የሚያውቀው የኤሌክትሪክ መስክን ብቻ ነው። የኤሲ (አቅጣጫው በየቅጽበቱ የሚቀያየር) ቮልቴጅ ያለበት ሽቦ በዙሪያው መስክ ይፈጥራል፤ ቡሙ ላይ ያለው ሴንሰር ያንን መስክ ይቀበላል፤ መስኩ እኛ ከወሰንነው መጠን ሲያልፍ አላርሙ ይጮኻል። እሳት አጠገብ እንደመቆም አስቡት። ሙቀቱ ይሰማችኋል እንጂ ከእሳቱ ስንት ሜትር እንደራቃችሁ አይነግራችሁም። ትልቅ እሳት ከሩቅ የሚያሞቀውን ያህል ትንሽ እሳት ከቅርብ ያሞቃል። የ15 ኪሎ ቮልትና የ230 ኪሎ ቮልት መስመርም እንዲሁ ናቸው። አንዱ ጋ አምስት ሜትር ሲቀር የጮኸ አላርም፣ ማስተካከያው፣ ማለትም በምን ያህል መስክ እንዲጮህ የወሰንንበት፣ ሳይነካ ሌላው ጋ ቢሄድ የሚጮኸው በሌላ ርቀት ላይ ነው።

ይህ ከገባን ብዙ ነገር በራሱ ይፈታል። መስኩ የሚመጣው ከቮልቴጅ ነው፤ ከሚፈሰው ከረንት አይደለም። ስለዚህ ማንም ኃይል የማይስብበት፣ ግን ያልተቋረጠ መስመር ላይም ይጮኻል። ዲሲ (አቅጣጫው የማይቀያየር) መስመርን ግን አይሰማም። አንዳንድ የባቡርና የትራም መስመሮች፣ አንዳንድ የረጅም ርቀት ማስተላለፊያዎችም በዲሲ ነው የሚሠሩት። ግራውንድ የሆነ (ከመሬት ጋር የተያያዘ) የብረት ሽፋን ያለው ኬብልም መስኩን ወደ ውጭ አያወጣም። ኤክስካቫተር ላይ የገጠምነው አላርም ከላይ ላለው ሽቦ ነው እንጂ፣ ባኬቱ ሥር ለተቀበረው ኬብል ምንም አያደርግም። ከዚህ የሚከተለው ከባድ ነገር ነው፤ አላርሙ ዝም አለ ማለት መስመሩ ተቋርጧል ማለት አይደለም። እንደ ቴስተር አንጠቀምበት፤ በፍጹም።

እኔን በጣም ያስደነቀኝ ግን የሦስቱ ፌዞች ነገር ነው። በአንድ ምሰሶ ላይ ያሉት ሦስት ሽቦዎች ቮልቴጃቸው እኩል ከፍ ዝቅ አይልም፤ አንዱ ሲወጣ ሌላው ይወርዳል። ስለዚህ መስኮቻቸው በከፊል እርስ በርስ ይጠፋፋሉ። ሁለት መስመር ጎን ለጎን ወይም ተሻግሮ ካለ ደግሞ፣ በመካከላቸው መስኩ ደከም የሚልበት ቦታ ሊኖር ይችላል። ቡሙ እዚያ ቦታ ገብቶ ከሆነ፣ ሽቦ ቅርብ ሆኖም አላርሙ ይዘገያል። የአሜሪካው የሥራ ደህንነትና ጤና ምርምር ተቋም፣ ኒዮሽ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2009 ገበያ ላይ ያሉ ሁለት መሣሪያዎችን ፈትሾ ያወጣው ውጤትም ይህንኑ ያሳያል። ቡሙ ማስተካከያ ከተደረገበት አቋም ሲለወጥ፣ እንዲሁም ከአንድ በላይ መስመር ሲኖር፣ ትክክለኛነታቸው ይወርዳል። መስመሮች የሚሻገሩበት ቦታ ላይ ከሆንኩ እኔ አላርሙን እንደሌለ ነው የምቆጥረው። መስመሩ እንዲቋረጥ ይጠየቅ፣ ወይም ማሽኑ ሌላ ቦታ ይቁም።

ወደ ገጠማው ልምጣ። ሴንሰሩ ሁለት ዓይነት ሆኖ ነው የሚገኘው። አንዱ በቡሙ ርዝመት ሁሉ የሚዘረጋ የአንቴና ሽቦ ነው። ሌላው ቡሙ ጫፍ ላይ የሚቀመጥ ትንሽ ሳጥን ነው፤ አንዳንዱ በገመድ አልባ ወደ ጋቢና ይልካል። እኔ ረጅሙን ሽቦ እመርጣለሁ። ምክንያቱም የኤሌክትሪክ ሽቦ የሚነካው ሁልጊዜ የቡሙ ጫፍ አይደለም። ክሬን ሲዞር ከጫፉ ይልቅ የቡሙ ጎን መሃሉ ላይ ሊጠጋ ይችላል። ኤክስካቫተር ላይ ደግሞ ነገሩ የባሰ ነው። ኦፕሬተሩ ዓይኑን የሚጥለው ባኬቱ ላይ ነው፤ ባኬቱ ደግሞ ጉድጓድ ውስጥ ነው። ክንዱን ወደ ራሱ ሲስበው ግን ከሁሉ በላይ ከፍ የሚለው ቡሙና ክንዱ የሚገናኙበት ክርን ነው። ማንም የማያየው ክርን። ሴንሰሩ እዚያ ካልደረሰ መግጠሙ ትርጉም የለውም። በገልባጭ መኪና ላይም ሳጥኑ ተነስቶ ሲቆም ከፍ የሚለውን ጫፍ ነው መፈለግ ያለብን።

ሽቦውን ስዘረጋ አሁን ልማድ ያደረግሁት ነገር አለ። ምንም ሳላስር መጀመሪያ ኦፕሬተሩን ክንዱን ጥግ ድረስ ክፈት፣ ጥግ ድረስ እጠፍ እለዋለሁ። እኔ ዳር ቆሜ መጋጠሚያውን አያለሁ። የሃይድሮሊክ ቱቦዎቹ ዘይት ሲገባባቸው ይወጠራሉ፣ ይዘላሉ። ስለዚህ ሽቦውን ከቱቦ ጋር አላስርም። ይፋተጋል፣ ይሞቃል፣ ዘይት ይጠጣል። መጋጠሚያው ላይ ክንዱ ጥግ ድረስ ሲታጠፍ የማይወጠር፣ ሲዘረጋ ደግሞ የትም የማይሰካ ዙር እተዋለሁ። ከዚያ እንደገና ክፈት፣ እጠፍ። ሽቦው ከብረቱ ራቅ ብሎ፣ ኤሌክትሪክ በማያስተላልፍ መያዣ ላይ መቀመጥ አለበት። ብረቱን ከነካ ወይም በእርጥብ ጭቃ ከተያያዘ የሚቀበለው መስክ ይወርዳል።

እና እባካችሁ ቡም ላይ ትራፓን አታስገቡ፣ ብየዳም አትበይዱ። የማሽኑ አምራች በግልጽ ካልፈቀደ በቀር። የቡም ብረት የሚሸከመው ጭነት በጣም ተሰልቶ ነው የተሠራው፤ አንዲት ቀዳዳ ወይም አንዲት የብየዳ ትኩሳት የስንጥቅ መነሻ ትሆናለች። በክላምፕ ወይም በጠንካራ ማጣበቂያ ይያዛል። ትንሽ ጊዜ ይወስዳል እንጂ ይቻላል።

ኤሌክትሪኩ ቀላል ነው። መጀመሪያ በቴስተር 12 ይሁን 24 ቮልት ማየት፣ ፊውዝ ማስገባት፣ ማሽኑ ሲነሳ አብሮ እንዲነሳ ከቁልፉ መስመር መውሰድ። የግራውንዱን ቦታ ቀለሙን ፍቆ ብረቱ እስኪታይ ማጽዳት። ማጥፊያ ስዊች ግን ለኦፕሬተሩ እጅ ቅርብ አላስቀምጥም።

የውጭውን ክላክስ በተመለከተ ቆም ማለት እፈልጋለሁ። ጋቢና ውስጥ መብራትና ድምፅ ካለ ይበቃል የሚሉ አሉ። አይበቃም። ቡሙ ሽቦ ቢነካ ኦፕሬተሩ ያለበት ማሽን በሙሉ አንድ ቮልቴጅ ላይ ይሆናል፤ ውስጥ እስከቆየ ድረስ ከረንቱ በእሱ በኩል የሚያልፍበት መንገድ አያገኝም። ጭነቱን በእጁ የያዘው፣ ወይም ማሽኑን የተደገፈው ሰው ግን እግሩ መሬት ላይ ነው። መንገዱ እሱ ነው። ስለዚህ አላርሙ መጀመሪያ ሊሰማው የሚገባው መሬት ላይ ያለው ሰው ነው። ክላክሱን ከሞተር ጩኸት አርቄ፣ ወደ ሥራው ቦታ አዙሬ ነው የምገጥመው። ከዚያ ሞተሩ እየጮኸ ሰዎቹ የሚቆሙበት ቦታ ሄጄ አዳምጣለሁ።

ማስተካከያው የሥራው ልብ ነው። መነሻው የመስመሩ ቮልቴጅ ነው። ምሰሶውን አይቶ መገመት አይሠራም፤ የመስመሩ ባለቤት ይጠየቅ። ርቀቱን የሚወስነው በየቦታው ያለው ደንብ ነው። ለማነጻጸር ያህል፣ የአሜሪካው የክሬን ደንብ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2010 የወጣው የኦሻ (የሥራ ደህንነት ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት)፣ እስከ 50 ኪሎ ቮልት 3.05 ሜትር፣ ከዚያ በላይ እስከ 200 ኪሎ ቮልት 4.6 ሜትር፣ እስከ 350 ኪሎ ቮልት 6.1 ሜትር ይላል። አላርሙንም ከጠቋሚ ሰው (ክፍተቱን እያየ ለኦፕሬተሩ ምልክት ከሚሰጠው) እና ከሌሎች መከላከያዎች ጋር አንዱ አማራጭ አድርጎ ነው የሚቆጥረው። ርቀቱን ማሳነሻ ፈቃድ አያደርገውም።

እኔ የማደርገው እንዲህ ነው። አንድ ሰው መሬት ላይ ሆኖ በሌዘር መለኪያ ይለካል። ሜትር ገመድ ወይም የብረት ዘንግ ወደ ሽቦ አይነሳም። ቡሙን ከተፈቀደው ርቀት ላይ ተጨማሪ ጨምሬ አቆማለሁ። ተጨማሪው ለምን? ሰው ድምፅ ሰምቶ እጁን ከማንሻው እስኪያነሳ ጊዜ ያልፋል። ቡሙ እስኪቆም ደግሞ ሌላ ጊዜ። ጭነቱም ይወዛወዛል፤ ሴንሰሩ ያለው ቡሙ ላይ ነው እንጂ መንጠቆው ላይ አይደለም። እዚያ ቦታ ላይ አላርሙ እስኪጮህ ማስተካከያውን ከፍ አደርጋለሁ። ከዚያ መሸሽ፣ እንደገና መጠጋት። ከግራ፣ ከቀኝ፣ ቡሙን አርዝሞ፣ አሳጥሮ፣ ከፍ አድርጎ፣ ዝቅ አድርጎ። ሁሌም ከተፈቀደው ርቀት ውጭ ሆነን። በአንዱ አቋም ቀድሞ ይጮኻል፣ በሌላው ዘግይቶ። ቡሙ ረዝሞ እያለ ያስተካከልነው፣ ሲያጥር የሚጋለጠው የአንቴና ሽቦ ስለሚቀንስ ሊዘገይ ይችላል። የምይዘው ዘግይቶ የጮኸበትን አቋም ነው፤ ለእሱ የሚበቃው ለሌሎቹም ይበቃል። ማሽኑ ከቦታው ሲነሳ፣ የቡም ርዝመት ሲቀየር፣ ሌላ መስመር ሲመጣ ሁሉም ከዜሮ ይጀምራል።

ሌላ የማይታይ ነገር፦ የኤሌክትሪክ ሽቦው ራሱ ይንቀሳቀሳል። ሲሞቅና ብዙ ኃይል ሲሸከም ይረዝማል፣ ወደ ታች ይረግባል። ነፋስ ደግሞ ወደ ጎን ይወስደዋል። ጠዋት የለካነው ከፍታ ከሰዓት በኋላ ላይኖር ይችላል። አጠገብ የቆመ ሌላ ክሬን፣ ዛፍ ወይም የብረት ጣሪያም መስኩን ሊጋርደው ይችላል።

ጠዋት ጠዋት የመፈተኛው ቁልፍ ይጫናል። ቁልፉ የሚፈትነው ግን ሳጥኑንና ድምፁን ነው፤ ቡሙ ላይ ያለው አንቴና በእርግጥ መስክ እየተቀበለ መሆኑን በብዙዎቹ ላይ አያረጋግጥም። ስለዚህ ሽቦውን ከጫፍ እስከ ጫፍ በዓይን ማየት ግድ ነው። የተላጠ፣ የተቆረጠ፣ በናስትሮ የተጠገነ ካለ ማሽኑ መስመር አጠገብ አይሄድም።

ከመጠን በላይ የሚጮህ አላርም ከማይጮኸው አይሻልም። ኦፕሬተሩ ቀኑን ሙሉ ከሰማው ጆሮው ይለምደዋል፣ ከዚያ ድምፁን ይቀንሰዋል። ሰውየውን አልወቅስም። መልሱ እሱን መቆጣት ሳይሆን ማስተካከያውን በዚያው ቦታ ደግሞ መሥራት ነው። አሁን ከኦፕሬተሮች ጋር ሥራ ሳይጀመር የምንስማማው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሲጮህ ቁም። "እስቲ ይችን ላውርድ" የለም። ይቆማል፣ ጠቋሚውን ያያል፣ በመጣበት መንገድ ቀስ ብሎ ይመለሳል። ጠቋሚው ደግሞ ክፍተቱን ከጎን በሚያይበት ቦታ ይቆማል። ከቡሙ ሥር ሆኖ ወደ ላይ የሚያይ ሰው ርቀቱን አይለየውም። ሌላ ሥራም አይሰጠውም፤ ጭነት አስተካክል፣ ገመድ ያዝ አይባልም።

ከነካ በኋላ አላርሙ አይረዳም። ኦፕሬተሩ ጋቢና ውስጥ ይቆያል፣ ሌሎቹ እንዲርቁ ይጮኻል፣ ከቻለ ቡሙን ያላቅቃል። መስመሩ ብልጭ ብሎ ጠፋ ማለት አበቃ ማለት አይደለም፤ ብዙ መስመሮች በራሳቸው ተመልሰው ይበራሉ። የመስመሩ ባለቤት ተቋርጧል ብሎ እስኪያረጋግጥ ማንም አይወርድም፣ ማንም አይጠጋም። እሳት ተነስቶ መውጣት ግድ ከሆነ፣ ማሽኑንና መሬትን በአንድ ጊዜ ሳይነኩ፣ ሁለት እግር ገጥሞ ዘሎ መውረድ ነው። ከዚያ እግር ሳይነጣጠል በትንንሹ እየጎተቱ መራቅ። መሬቱ ራሱ ከቦታ ቦታ የተለያየ ቮልቴጅ ስላለው፣ ሰፊ እርምጃ በሁለቱ እግሮች መካከል ከረንት ያሳልፋል። ይህን ለኦፕሬተሩ በቃል ብቻ አልነግረውም፤ መሬት ላይ አብረን እንለማመደዋለን።

አሁን የያዝኩት ሥራ ለእያንዳንዱ ማሽን ካርድ ማዘጋጀት ነው። የመስመሩ ቮልቴጅ፣ የቡሙ ርዝመትና አንግል፣ አላርሙ የጮኸበት በሌዘር የተለካ ርቀት፣ የአየሩ ሁኔታ። ካርዱ ጋቢና ውስጥ ይቀመጣል፤ ኦፕሬተር ቢቀየርም አዲሱ ያየዋል። ያልተመለሰልኝ የኮንክሪት ፓምፕ ጉዳይ ነው። ቡሙ ብዙ ቦታ ስለሚታጠፍ፣ ሲዘጋ ክፍሎቹ አንዱ በሌላው ላይ ተጭነው ይተኛሉ፤ የአንቴናው ሽቦ የሚያልፍበት ቦታ ጠባብ ነው። በዚህ ላይ የገጠማችሁ ካላችሁ፣ መጋጠሚያዎቹ ላይ ሽቦውን በየት በኩል እንዳሳለፋችሁት ብትጽፉልኝ ደስ ይለኛል፤ ፎቶ ካለ ደግሞ ይበልጥ።