የሩሲያ ምርቃና

ዛሬ ደብሮኛል። ምክንያት የለውም። የድሬ ሙቀት ነው እንዳልል ሙቀቱን ተወልጄበታለሁ። ከምሳ በኋላ ጋደም ብዬ ቬንትሌተሩ ያንኑ ትኩስ አየር ሲያመላልስ አያለሁ። ነገ ሐረር ወጣ ብዬ ቀዝቀዝ ብሎኝ ልመለስ ወይስ ይቅርብኝ? ልጽፍ የተነሳሁት ስለዚህ ነበር።

ከዚያ ከየት እንደመጣ እንጃ፣ ሎፓኺን ትዝ አለኝ።

የሩሲያዊው ደራሲ የቼኾቭ ተውኔት "የቼሪው ግቢ" የሚጀምረው ባቡር ዘግይቶ ነው። ሁለት ሰዓት ሙሉ። ሎፓኺን የሚባለው ነጋዴ ባለግቢዎቹን ጣቢያ ድረስ ሄዶ ሊቀበል ብሎ መጥቶ፣ ወንበር ላይ እንቅልፍ ይጥለዋል። ሳይቀበላቸው ቀረ። ባቡር ሲጠብቅ ያላንቀላፋ የድሬ ልጅ ካለ እጁን ያውጣ!

ደግሞ ዘመኑ ይገርመኛል። ሐዲዱ ድሬ የገባው በ1895 ዓ.ም. ነው። የሐረር ተራራ አላስወጣ ብሎት ባቡሩ ታች ሜዳው ላይ ቀረ፤ ከተማችን በዚያ ሰበብ ተወለደች። ተውኔቱ ሞስኮ መድረክ ላይ የወጣው ደግሞ ጥር 1896 ነው። ስድስት ወር ሳይሞላው ቼኾቭ በ44 ዓመቱ ሞተ። ድሬ ገና ስትወለድ እሱ ባቡር የደረሰበት ሰፈር ምን እንደሚገጥመው ጽፎ ጨርሷል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለግቢዎቹ ዕዳ አለባቸው። ግቢው ሐራጅ ሊወጣ ቀን ተቆርጧል። ሎፓኺን ይለምናቸዋል። ባቡሩ ቅርብ ነው፣ ዛፉን ቆርጣችሁ መሬቱን ሸንሽናችሁ ለበጋ ቤት አከራዩት፣ በዓመት 25 ሺህ ሩብል ታገኛላችሁ ይላቸዋል። እነሱ ግን ይሄማ ተራ ነገር ነው ብለው ያፍሩበታል። የባለግቢዋ ወንድም ጋዬቭ ዞር ብሎ መቶ ዓመት ለሞላው የመጽሐፍ ቁምሳጥን ንግግር ያደርጋል። ለቁምሳጥን! እያለቀሰ።

የእኛም የአያቴ ግቢ ዕዳ አለበት፣ ጣሪያው አርጅቷል፣ ይሸጥ አይሸጥ እያልን ነው። ስንት እሁድ ተሰበሰብን። ፍራሹ ይነጠፋል፣ የሻይ ፔርሙዙ ይቀርባል፣ ጫቱ ከአወዳይ ይመጣል። በርጫው ሲጀመር ሁሉም ስለ ዕዳውና ስለ ጣሪያው በቁም ነገር ያወራል። አሥር ሰዓት ላይ ምርቃናው ይመጣል። ያኔ ግቢው ፎቅ ይሆናል። ከታች ፋርማሲ፣ ከላይ ፔንሲዮን፣ ጣሪያው ላይ ካፌ። ጋሼ የመታጠቢያ ቤቱን ሴራሚክ ቀለም ይመርጣሉ። የካናዳዋ ዘመዳችን በቪዲዮ ገብታ "ጊሽጣውን ብቻ እንዳትነኩት!" ብላ ታለቅሳለች። አስራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ምርቃናው ይወርዳል፣ ፎቁም አብሮ ይወርዳል። ዝም ዝም። አንዱ ለጨብሲ ይወጣል፣ ሌላው ጫማውን ይፈልጋል።

ቼኾቭ ጫት አያውቅም፤ ባለግቢዋ የምትጠጣው ቡና ነው። ትሮፊሞቭ የሚባለውን ተማሪ ግን አሥር ሰዓት ላይ አምጥታችሁ እኛ ፍራሽ ላይ ብታስቀምጡት ማንም እንግዳ ነው አይልም። "ሩሲያ በሙሉ የእኛ የአትክልት ቦታ ናት" ይላል። የሰው ልጅ ወደፊት እየገሰገሰ ነው ይላል። ራሱ ዩኒቨርሲቲውን አልጨረሰም። በመጨረሻም ቤቱ ተሸጦ ሁሉም ሲወጣ እሱ የጎማ ጫማውን አጥቶ ይንጎራደዳል። አቦ፣ ይሄ ንጹህ ምርቃና ነው።

ተማሪ ሆኜ ሳነበው ሎፓኺንን ጠልቼው ነበር። ለነገሩ ግቢውን በሐራጅ የሚገዛው እሱ ነው። አባቱና አያቱ በዚያው ርስት ላይ ገባር ሆነው የኖሩ፣ ወጥ ቤት እንኳ የማይገቡ ሰዎች ነበሩ። አሁን ልጅየው የባለቤቶቹን ቤት ገዝቶ ይጨፍራል። ክፉ መስሎኝ ነበር። የጻፈው ሰው ግን እንደዚያ አላሰበውም። ሎፓኺን ጨዋ ሰው ነው ብሎ በደብዳቤ ደጋግሞ ተማጽኗል። የተውኔቱ አዘጋጅና ተዋናይ ስታኒስላቭስኪ እንዲጫወተው ፈልጎ ነበር። ስታኒስላቭስኪ ጋዬቭን መረጠ። ማን አይመርጥም? ከረሜላ እየመጠጡ ለቁምሳጥን ማልቀስ ደስ ይላል።

ቼኾቭ ደግሞ ቤት ማጣትን በወሬ አይደለም የሚያውቀው። አባቱ ከስረው ከታጋንሮግ ወደ ሞስኮ ሲሸሹ፣ ቤታቸውን የወሰደው እንደ ቤተሰብ አብሯቸው ይኖር የነበረ ተከራይ ነው። አንቶን ትምህርቱን ለመጨረስ እዚያው ቀረ። የሰውየውን የወንድም ልጅ እያስጠና፣ በገዛ ቤቱ እንግዳ ሆነ። እኔ ብሆን የምጽፈው ገዢ ቀንድ ይኖረው ነበር። እሱ ግን የገዛ አያቱ ራሳቸውንና ቤተሰባቸውን በገንዘብ ከገባርነት ነጻ ያወጡ ናቸውና፣ ሎፓኺንንም ከውስጥ ያውቀዋል።

የእኛ ሎፓኺን እዚሁ ድሬ፣ ታይዋን ገበያ፣ ሱቅ አለው። አባቱ የአያቴ በር ጠባቂ ነበሩ። እስካሁን ሲያየን ብድግ ይላል። ዋጋውን ነግሮናል። ጣሪያው ሌላ ክረምት እንደማይችልም ነግሮናል። የካናዳዋ ስለ ጊሽጣው ስትጠይቀው "ይቆረጣል" አላት፣ በግልጽ። አልዋሸም። ከእኛ መሃል ስለዚያ ግቢ እውነት የተናገረ እሱ ብቻ ይመስለኛል። ለዚህም ነው የማንወደው።

ቼኾቭ ይሄን ተውኔት ኮሜዲ ነው ብሎ ድርቅ ብሏል። ስታኒስላቭስኪ አስለቃሽ አደረገብኝ ብሎ ተናዷል። የካናዳዋ ስታኒስላቭስኪን ሆና ነው ስብሰባ የምትገባው። አክስቴም አትብስም። "የኤረር ብርቱካን በባቡር ጅቡቲ ድረስ ይጫን ነበር እኮ" ብላ ትጀምራለች፤ ተውኔቱ ውስጥ ያለው ሽማግሌ አሽከር የደረቀው ቼሪ በጋሪ ሞስኮ ይላክ ነበር እያለ እንደሚተርከው። አሁን ባቡሩ ራሱ ከከተማ ወጥቷል። አዲሱ ጣቢያ ሜዳ ላይ ነው።

ባለፈው እሁድ አልቻልኩም፣ ታሪኩን ነገርኳቸው። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ከነስታኒስላቭስኪው። አሥር ሰዓት አልፎ ነበር፣ ንግግሬም አምሮልኛል። ሁሉም ጸጥ ብሎ ሰማኝ። ስጨርስ አክስቴ ጠየቀችኝ።

"እና ተሸጠ?"

"ተሸጠ።"

"በስንት?"

"ከዕዳው ላይ 90 ሺህ ሩብል ጨምሮ ወሰደው።"

ጋሼ ስልካቸውን አወጡ። የድሮ ሩብል ነው ወይስ የዛሬው? አሉ። የካናዳዋ መጀመሪያ ወደ ዶላር ይቀየር አለች። አንዱ በወርቅ ነው የሚሰላው ብሎ ተነሳ። በዚሁ መሸ።

ለባለ ሱቁ መልስ እንድሰጥ የተወከልኩት እኔ ነኝ። "የተማርከው አንተ ነህ" ተብዬ። ዛሬም ደውሏል። ምን ልበለው? ሩብሉን እያሰላን ነው?