ሩብ መምህር

አለቃዬ ሰንጠረዥ ሲቀርብላቸው መጀመሪያ የሚያዩት የታችኛውን መስመር ነው። ካልኩሌተር ከመሳቢያ ያወጣሉ፣ ይደምራሉ። ከዚያ ወይ ይፈርማሉ ወይ ይጠሩሃል።

ያን ቀን ተጠራሁ። ሰንጠረዡ የመምህራን ብዛት ነው፤ አንደኛ ደረጃ 31፣ ሁለተኛ ደረጃ 22። ጠቅላላ የሚለው ሳጥን ግን 46 ይላል።

«53 ነው እኮ! ኤክሴል መደመር አቃተው?»

ኤክሴል ምንም አላጠፋም። ሁለቱ ደረጃዎች በአንድ ግቢ ናቸው፤ 7 መምህራን እዚህም እዚያም ያስተምራሉ። በየደረጃው ሲቆጠሩ ሁለቴ ይመጣሉ። ጠቅላላው ላይ ግን ሰው ሰው ነው፤ ደመወዝም የሚወስዱት አንድ ነው።

«እንግዲያው አንዱ ጋ ብቻ ቁጠራቸው።»

ይህች መፍትሔ ሳትመጣ ቀርታ አታውቅም። የስፖርት መምህሩን ሁለተኛ ደረጃ ላይ ብቻ ብጽፈው፣ ታች ያሉት ልጆች ስፖርት የሚያስተምራቸው የላቸውም ማለት ነው። የዩኔስኮ፣ የኦኢሲዲና የዩሮስታት የጋራ የትምህርት ስታቲስቲክስ መጠይቅ የሰው ብዛትንና የሙሉ ጊዜ አቻን፣ ማለትም ሥራው በሙሉ ጊዜ መምህር ሲሰላ የሚመጣውን ቁጥር፣ ለየብቻ የሚጠይቀው ያለ ነገር አይደለም።

«በክፍለ ጊዜ ማከፋፈልም ይቻላል» አልኩ። የስፖርት መምህሩ በሳምንት 24 ክፍለ ጊዜ አለው፤ 18ቱ አንደኛ ደረጃ፣ 6ቱ ሁለተኛ ደረጃ። ስለዚህ 0.75 እዚያ፣ 0.25 እዚህ። ሰባቱም እንዲህ ሲከፋፈሉ 28 እና 18 ይመጣል። ድምሩ ልክ 46።

አለቃዬ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ሩብ መምህር ደግሞ ምን ዓይነት ፍጡር ነው? ከወገብ በላይ ነው ከወገብ በታች?»

ሳቄ አመለጠኝ። እሳቸው አልሳቁም።

ነገሩ የድምር ብቻ ቢሆን በተውኩት ነበር። ግን 868 የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ለ31 ሲካፈል 28 ተማሪ ለአንድ መምህር ነው። ለ28 ሲካፈል ደግሞ 31። ልጆቹ ያው፣ መምህራኑ ያው፣ ጥምርታው ብቻ አማረ። አለቃዬ የቷን እንደወደዱ መናገር አያስፈልግም። ጥምርታው በሰው ብዛት ይሁን ተባለ። ይሁን፤ እሱም የታወቀ አቆጣጠር ነው። እኔም ከሰንጠረዡ ሥር በሁለቱም ደረጃ የሚያስተምሩ 7 መምህራን እንዳሉ የሚገልጽ አንድ መስመር ጨመርኩ።

«ሰርዘው» አሉ። «ማስታወሻ ያለበት ሰንጠረዥ ጥፋት ያለበት ይመስላል።»

ተሰረዘ። ፈራሚው እሳቸው ናቸው።

ሪፖርቱ ከወጣ በኋላ የበጀት ክፍሉ ሰው ደወለላቸው። ቢሮ ውስጥ ነበርኩ፤ ድምፁ ከስልኩ አልፎ ይሰማል። «7 መምህራን የት ገቡ?»

«በሁለቱም ደረጃ የሚያስተምሩ ናቸዋ!» አሉ አለቃዬ፣ እንደ መገረም ብለው። «ይሄ እኮ በሙያው የታወቀ ነው። ሰው ሁለቴ አይደመርም!» ሙሉ ማብራሪያ ሰጡት። እንዲያውም ከእኔ የተሻለ አስረዱ፤ የስፖርት መምህሩን ሳይቀር ምሳሌ አደረጉት።

ስልኩን ዘግተው ወደ እኔ ዞሩ።

«ያቺን ማስታወሻ መልሳት። ፊደሏን ግን አሳንሳት።»