92 ዲግሪ

አምና ቴርሞዳይናሚክስ፣ የሙቀትና የሥራን ትምህርት፣ ስማር ሒሳብ መዝገብ የምመረምር ይመስለኝ ነበር። ይህን ያህል ሙቀት ገባ፣ ይህን ያህል ሥራ ወጣ፣ ቀሪው ውስጥ ተቀመጠ። ፒስተን፣ ሲሊንደር፣ እንደገና ፒስተን። ጋዙ ራሱ ከምን እንደተሠራ መጠየቅ አያስፈልግም። ፈረንሳዊው ሳዲ ካርኖ በ28 ዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1824፣ የትኛውም የሙቀት ሞተር የማያልፈውን ወሰን ሲያገኝ ሙቀትን የሚፈስ ነገር አድርጎ ነበር የሚያስበው። ስለ ሙቀት ምንነት ተሳስቶ ስለ ወሰኑ ልክ መሆኑ እስከ ዛሬ ትንሽ ያናድደኛል።

ዘንድሮ ስታቲስቲካል ሜካኒክስ መጣ፤ ያንኑ ሙቀት ከሞለኪውሎች ብዛት ተነስቶ የሚያስረዳው ትምህርት። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቆጠራ ናቸው፤ ይህን ያህል ሞለኪውል በስንት ዓይነት መንገድ ሊደረደር ይችላል፣ ሎጋሪዝሙ ስንት ነው፣ ወዘተ። እሱን እንደ ግዴታ አለፍኩት። ያስቆመኝ ከቆጠራው የሚወጣው አንድ መስመር ነው። አንድ ሞለኪውል ከፍ ያለ ኢነርጂ ይዞ የመገኘት ዕድሉ ኢነርጂው በጨመረ ቁጥር በኤክስፖኔንሻል (በእኩል እርምጃ በእኩል እጥፍ) እየቀነሰ ይሄዳል፤ መለኪያው ደግሞ ኬቲ ነው፣ የቦልትዝማን ቋሚ የሚባለው የማይለወጥ ቁጥር በቴምፕሬቸር ተባዝቶ።

መምህራችን ይህን ጽፈው ወደ ቀጣዩ ርዕስ፣ ወደ ሃርሞኒክ ኦስሲሌተር፣ ተሻገሩ። እኔ ማታ ዶርም ገብቼ ለአዲስ አበባ ሠራሁት። አንድ የአየር ሞለኪውል ከባሕር ወለል እኛ ጋ ለመድረስ ወደ 2,400 ሜትር መውጣት አለበት። ለዚያ የሚያስፈልገውን ኢነርጂ በ15 ዲግሪ ላይ ለኬቲ ሳካፍለው 0.285 ሆነ። ይህን ኤክስፖኔንሻሉ ውስጥ ስከተው የእኛ አየር ግፊት የባሕር ወለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ነው ማለት ነው።

ቀጥሎ ውሃው። አንድ የውሃ ሞለኪውል ጓደኞቹን ጥሎ እንፋሎት ለመሆን የሚፈልገው ኢነርጂ በሞል (በ18 ግራም ውሃ) 40.7 ኪሎጁል ነው፤ በመፍያው ሙቀት ላይ ይህ የኬቲ 13 እጥፍ ገደማ ይሆናል። ውሃ ፈላ የምንለው የእንፋሎቱ ግፊት ከአየሩ ግፊት ጋር ሲተካከል ነው። እንግዲህ አየሩ ሦስት አራተኛ ብቻ ከሆነ እንፋሎቱ እዚያ ለመድረስ 100 ዲግሪ አያስፈልገውም። ስንት ይበቃዋል? ካልኩሌተሩ 365.2 ኬልቪን አለ፤ ወደ ሴልሲየስ ለመለወጥ 273 ይቀነሳል። 92 ዲግሪ። ቁጥሩን ሃይስኩል እያለሁም ሰምቼዋለሁ፤ ግን ቴርሞሜትር ሳልነካ፣ የሞለኪውልን ክብደት፣ የውሃን ትስስርና የባሕር ወለሉን 100 ዲግሪ ይዤ እደርስበታለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም። አየሩን ወደ ላይ የሚያሳሳውና ውሃውን የሚያፈላው ያው አንድ መስመር ነው፤ የሚለወጠው የኢነርጂው ምንጭ ብቻ ነው።

ድሬዳዋ የምትኖረው አክስቴ እኛ ቤት በመጣች ቁጥር “የእናንተ ውሃ ይፈላል እንጂ አያበስልም” ትላለች። ለድሬዳዋ፣ በ1,200 ሜትር፣ ስሠራው 96 ሆነ። አራት ዲግሪ ኢምንት ይመስላል፤ ነገር ግን ባቄላው ውስጥ የሚካሄደው ለውጥም የኢነርጂ አጥር መዝለል ስላለበት ያው ኤክስፖኔንሻል እዚያም ይጠብቀዋል። ፕሬዠር ኩከር ሌላ ተአምር የለውም፤ የጎደለንን ግፊት መልሶ፣ ከዚያም በላይ ጨምሮ ይሰጠናል።

ከሁሉ የወደድኩት ግን የፔረንን ሙከራ ነው። ፈረንሳዊው የፊዚክስ ሊቅ ዣን ፔረን እ.ኤ.አ. በ1908 አካባቢ ፓሪስ ውስጥ ከዛፍ ሙጫ ደቃቅ እንክብሎች ሠርቶ ውሃ ጠብታ ውስጥ ከተታቸውና በማይክሮስኮፕ በየከፍታው ቆጠራቸው። ታች 100 ካሉ፣ 30 ማይክሮሜትር ከፍ ሲል 47፣ ሌላ 30 ሲጨምር 23 ገደማ፣ ከዚያ 12። የእኛ አየር በግማሽ ለመሳሳት ወደ 6 ኪሎሜትር ይፈልጋል። የእሱ እንክብሎች ከሞለኪውል እጅግ ስለሚከብዱ ያንኑ ነገር ከፀጉር ውፍረት ባነሰ ከፍታ ይጨርሱታል። ከዚያ ቆጠራ የአቮጋድሮን ቁጥር፣ በአንድ ሞል ውስጥ ያሉትን ሞለኪውሎች ብዛት፣ አወጣ፤ አቶም የለም ብሎ ሲሟገት የኖረው ኬሚስቱ ኦስትዋልድም በ1909 እጁን ሰጠ። ፔረን በ1926 ኖቤል ተሸለመ።

ቋሚው በስሙ የተጠራለት ኦስትሪያዊው የፊዚክስ ሊቅ ቦልትዝማን ይህን አላየም። በ1906 በዛሬዋ ጣሊያን ትሪየስት አጠገብ ዱዊኖ ውስጥ ራሱን አጠፋ። ተማሪዎች መካከል “አቶሙን ስላልተቀበሉት ነው” እየተባለ ይወራል። እኔ እንደዚያ ቀላል አይመስለኝም፤ ሰውዬው ለዓመታት በመንፈስ ጭንቀት ሲሠቃይ ኖሯል። ቪየና መቃብሩ ላይ የተቀረጸችውን የኢንትሮፒ (የአደራደር ብዛት መለኪያ) ቀመር እንኳ በዚያ መልክ የጻፋት ሌላው የፊዚክስ ሊቅ ፕላንክ ነው።

ምርጫው የኔ ቢሆን ትምህርቱን ከፒስተን ሳይሆን ከዚህ እጀምረው ነበር። መካኒካል የሚማረው የዶርም ጓደኛዬ አይስማማም። የካርኖ ወሰን አቶም ኖረም አልኖረም የማይነቃነቅ መሆኑ ነው ውበቱ ይላል፤ እውነቱን ነው፣ ለዚህ መልስ የለኝም። ሰውየው የደባርቅ ልጅ ስለሆነ ክርክሩን ትቶ ለራስ ደጀን ጫፍ አስላልኝ አለኝ። 85 መጣ። ባቄላው እስኪበስል እንደሚመሽበት ነገርኩት።

“እዚያ ላይ ማን ይቀቅላል?” አለ። “ቆሎ ነው የሚያዘው።”