አምስት ጎማ በአራት ጎማ ሂሳብ

በአራቱም ጎማ ለሚነዳው መኪናዬ ጎማ መቀየር እንዳለብኝ የተረዳሁት፣ በቀኝ በኩል ያለው የኋላ ጎማ ኮረኮንች መንገድ ላይ ስል ድንጋይ ጎኑን ሰንጥቆት በአንድ ጊዜ በተነፈሰ ዕለት ነው። ጥርሱ ገና ግማሽ እንኳን አላለቀም ነበር። ጎሚስታው ከቸርኬው አውጥቶ ሲያሳየኝ ስንጥቁ የጣት ርዝመት ያህል ነበረው፤ በከንፈሮቹም ላይ የተበጣጠሱት ክሮች እንደ ብሩሽ ቆመው ይታዩ ነበር። መሬት የሚነካው ክፍል ላይ ያለ ትንሽ ቀዳዳ ቢሆን ኖሮ ሊለጥፈው እንደሚችል፣ የጎን ቁስል ግን እንደማይጠገን ነገረኝ። ስኮርታውን፣ ማለትም መለዋወጫ ጎማውን፣ ሳወርድ ደግሞ እርሱም ለዓመታት ከመኪናው ስር ተንጠልጥሎ ጎኑ እንደ ደረቀ ጭቃ ተሰነጣጥቆ አገኘሁት።

መጀመሪያ ልቤ የከጀለው ገበያው ኤም ቲ እያለ የሚጠራውን የጭቃ ጎማ ነበር። ጥርሶቹ ትልልቅ ናቸው፣ በመካከላቸው ጣት የሚያስገባ ክፍተት አለ፣ መኪናውንም ግርማ ይሰጡታል፤ እውነቱን ለመናገር የገፋፋኝ ይኸው ግርማው ነበር። ሆኖም በያዝኩት ገንዘብ አራት ብቻ መግዛት እንደምችል ሳሰላ ጥቂት ለመታገሥ ወሰንኩና፣ ለአንድ ወር ያህል በየማታው የተጓዝኩትን ኪሎ ሜትር አስፋልት፣ ኮረኮንች፣ አሸዋ፣ ጭቃ እያልኩ ከፋፍዬ በደብተር መመዝገብ ጀመርኩ። በወሩ መጨረሻ ስደምረው ከመቶው 70 የሚሆነው አስፋልት፣ 25 ያህሉ ኮረኮንች፣ የቀረው ብቻ አሸዋና ጭቃ ሆኖ ወጣ። የጭቃ ጎማ አስፋልት ላይ ይጮኻል፣ ቶሎ ያልቃል፣ ክብደቱ ነዳጅ ያስበላል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ መንገዱን የሚነካው ጎማ አነስተኛ ስለሆነ ዝናብ በጣለበት አስፋልት ላይ ፍሬን ሲያዝ መኪናው ለመቆም ረዘም ያለ ርቀት ይፈልጋል። ከመቶ አምስት ለማይሞላ ጭቃ ብዬ ይህን ሁሉ በየቀኑ መሸከም አልታየኝም። ለአስፋልት የሚሠራው ኤች ቲ በበኩሉ ጎኑ ስስ በመሆኑ ያንኑ ድንጋይ ዳግመኛ የሚጋብዝ መስሎ ስለተሰማኝ ተውኩት። በመካከላቸው ያለው ኤ ቲ፣ ማለትም ለሁለቱም መንገድ ታስቦ የሚሠራው፣ ምርጫዬ ሆነ።

እዚህ ውሳኔ ላይ ከመድረሴ በፊት ግን ገንዘብ ቆጠብኩ ብዬ አንድ ጊዜ ተሞኝቻለሁ። ጥርሳቸው ጥልቅ፣ መልካቸው ጥቁርና የሚያብረቀርቅ ሁለት ያገለገሉ ጎማዎች ገዝቼ ነበር። ሦስት ሳምንት ሳይሞላቸው ፈጠን ብዬ ስነዳ መሪው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ወርጄ መዳፌን በአንደኛው ጎማ ፊት ላይ ሳሳልፍ እንቁላል የሚያህል እብጠት አገኘሁ። ውስጥ ያለው የሽቦ ንጣፍ ከላዩ ጎማ እየተላቀቀ ነበር። ዲ ኦ ቲ ከሚሉት ፊደላት ጀምሮ ያለውን ጽሑፍ ተከትዬ እስከ መጨረሻው ስሄድ በትንሽ ሞላላ ክፈፍ ውስጥ 1112 የሚል ቁጥር አየሁ፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት አሃዞች ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ዓመቱን ስለሚናገሩ፣ ጎማው የተሠራው በጎርጎርዮሳዊው 2012 በ11ኛው ሳምንት ነበር ማለት ነው። ይህ ቁጥር ብዙ ጊዜ የሚታተመው በአንደኛው ጎን ብቻ በመሆኑ፣ ጎማው ወደ ውስጥ ተገልብጦ ከታሰረ ከመኪናው ስር ካልገቡ በቀር አይታይም። የሚያብረቀርቀውም ቅባት እንጂ አዲስነት አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ያገለገለ ጎማ ሲቀርብልኝ ቀኑን አነባለሁ፣ በጥርሶቹ መካከል ያለውን ቦይ በአውራ ጣቴ ከፈት አድርጌ ስንጥቅ እፈልጋለሁ፣ ከቸርኬ ከወጣም በባትሪ ውስጡን አይቼ የተለጠፈ ነገር መኖር አለመኖሩን አረጋግጣለሁ። ስድስት ዓመት ያለፈውን ጥርሱ የቱንም ያህል ቢያምር አልነካም።

ስለ መጠኑ ብዙ አልተቸገርኩም። በመኪናዬ በር ላይ የተለጠፈው ጽሑፍ 265/70 አር 16 ይላል፤ ስፋቱ 265 ሚሊ ሜትር፣ የጎኑ ከፍታ የስፋቱ 70 በመቶ፣ የቸርኬው ዲያሜትር 16 ኢንች ማለት ነው። ብዙዎች ወደ 265/75 ከፍ እንዳደርገው መክረውኝ ነበር። ሲሰላ ግን የጎማው ጠቅላላ ቁመት በ27 ሚሊ ሜትር ገደማ ይጨምራል፣ መኪናው ከመሬት ከፍ የሚለው የዚህን ግማሽ ብቻ ነው፤ የፍጥነት መቁጠሪያውም ትክክለኛ ቢሆን እንኳ 100 ሲል መኪናው በእውነት ከ103 በላይ ይሄዳል። ለ13 ሚሊ ሜትር ብዬ መኪናው የሚጎትትበትን ጉልበት መቀነስ አልፈለግሁም። ከዚህም ሌላ ብዙ መኪና የሚጠቀምበት መጠን ብዙ አምራች ስለሚሠራው በዋጋ ለመከራከር ይመቻል።

ብዙ ጊዜ የወሰደብኝ የጥንካሬው ጉዳይ ነበር። አንድ ሻጭ የጎማውን ጎን መታ መታ እያደረገ «10 ፕላይ ነው» ይለኝ ነበር፤ እኔም አሥር ድርብ ክር ያለው መስሎኝ ነበር። በኋላ እንደተረዳሁት ይህ ቁጥር ጎማው የሚችለውን ጭነት የሚያመለክት የድሮ መለኪያ እንጂ የንጣፍ ቆጠራ አይደለም። እውነተኛው ቆጠራ በብዙ ጎማዎች ጎን ላይ በደቃቅ ፊደል ተጽፏል፦ ትሬድ ከሚለው ቃል ቀጥሎ መሬት የሚነካው ክፍል ስንት የሽቦና ስንት የክር ንጣፍ እንዳለው፣ ሳይድዎል ከሚለው ቀጥሎ ደግሞ የጎኑ ይዘረዘራል። ተንበርክኬ ሳነበው የዚያ ባለ 10 ፕላይ ጎማ ጎን ባለ ሁለት ፖሊስተር ንጣፍ ብቻ ነበር። ከአጠገቡ የተደረደረውና ስሙ ብዙም ያልታወቀው ጎማ ግን በዋጋ ረከስ ብሎ ሳለ በጎኑ ሦስት ንጣፍ ነበረው። የእኔ ጎማ የሞተው በጎኑ ስለሆነ ገንዘቤን እዚያ ላይ አዋልኩ። የጭነት ቁጥሩንም አይቻለሁ፤ 112 የሚለው ቁጥር ለአንድ ጎማ 1120 ኪሎ ግራም ማለት ስለሆነ፣ ሙሉ ጭነት ይዞ ሦስት ቶን ለማይደርሰው መኪናዬ ያ እንኳ ይበቃ ነበር፤ የገዛሁት ደግሞ ከዚያ በላይ የሚችል ነው።

ከአራት ይልቅ አምስት፣ አንዱን ለስኮርታ፣ የገዛሁት በዚሁ በቆጠብኩት ገንዘብ ነው። አዲስ ኤ ቲ ጎማ የጥርሱ ጥልቀት 11 ሚሊ ሜትር ቢሆንና አሮጌው ስኮርታ 3 ብቻ ቢቀረው፣ የመጠን ጽሑፋቸው አንድ ሆኖ ሳለ በቁመት 16 ሚሊ ሜትር ይበላለጣሉ። አራቱም ጎማዎች ኃይል በሚቀበሉበት መኪና ላይ ይህ ልዩነት ረጅም መንገድ ከተነዳበት ዲፈረንሻሉን (ኃይልን ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያካፍለውን ጥርሳ ጥርስ) እና ለፊትና ለኋላ የሚያካፍለውን ኃይል አከፋፋይ ያለ ዕረፍት ያፋትጋል። በጎማ የቆጠበ ሰው በጥርሳ ጥርስ ጥገና እጥፍ ሊከፍል ይችላል።

ጎማዎቹ ከታሰሩ በኋላ መኪናው እንደ ጋሪ ነጠረብኝ። እንዲህ ያለው ጠንካራ ጎማ ያንኑ ክብደት ለመሸከም ከቀድሞው በርከት ያለ ነፋስ እንደሚፈልግ ሰምቼ ስለነበር ያለ ልክ አስሞልቼው ኖሯል። ትክክለኛውን ልክ ያገኘሁት በጠመኔ ነው፦ በጥርሶቹ ላይ ከዳር እስከ ዳር ወፍራም መስመር አስምሬ በደረቅ አስፋልት ላይ በቀጥታ ጥቂት ሜትር ነዳሁ። መስመሩ መሃሉ ላይ ብቻ ጠፍቶ ዳርና ዳሩ ቀረ፤ ነፋሱ በዝቷል ማለት ነው። ሁለት ሁለት ፒ ኤስ አይ (የነፋስ ግፊት መለኪያ) እየቀነስኩ ደጋገምኩት፤ በር ላይ ከተጻፈው 4 ፒ ኤስ አይ ከፍ ባለበት ልክ ላይ ጠመኔው እኩል ጠፋ። መኪናው ሲጫን ጥቂት እጨምራለሁ።

ለጭቃ ጎማ ሊወጣ ከነበረው ገንዘብ በተረፈው ትንሽ መንፊያ ሞተርና የነፋስ መለኪያ ገዛሁ፤ ከሁሉም ግዢዬ በጣም የጠቀመኝ ይኸው ሳይሆን አይቀርም። አሸዋ ውስጥ ስገባ ነፋሱን ወደ 18 ፒ ኤስ አይ አወርዳለሁ፤ ጎማው ከስፋቱ ይልቅ በርዝመቱ ተዘርግቶ አሸዋውን ይረግጣል እንጂ አይቆፍረውም። በዚህ ልክ ግን በዝግታ መንዳትና መሪን በኃይል አለመጠምዘዝ ግድ ነው፤ አለዚያ ጎማው ከቸርኬው ሊወጣ ይችላል። አስፋልት ከመድረሴ በፊት መልሼ እሞላለሁ።

አምስቱንም በየ8000 ኪሎ ሜትሩ አዟዙራቸዋለሁ፤ ስኮርታውም ተራው ሲደርስ ወርዶ ይሠራል። ባለፈው ስለካቸው የሁሉም ጥርስ ከ8 እስከ 9 ሚሊ ሜትር ነበር፤ በሁለቱ ጎን ላይ ከድንጋይ የተረፈ ጭረት አለ፣ ክሩ ድረስ ግን አልዘለቀም።